ከገዢነት ወደ ሻጭነት፦ ቱርክ በራሷ ንድፍ የሠራችውን ጦር መርከብ ለዓለም ለመሸጥ የበቃችበት መንገድ



አንድ አገር በገዛ ባለሙያዎቹ የነደፈውን ጦር መርከብ ለሌላ አገር ባሕር ኃይል መሸጥ ሲጀምር፣ ከተራ ንግድ ያለፈ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ጦር መርከብ የሰው ልጅ ከሚሠራቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ ውስብስብ ከሚባሉት አንዱ ነው። በሆዱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የጥይት መጋዘን፣ ወጥ ቤት፣ የሕክምና ክፍል፣ ራዳርና ኮምፒውተር ይዞ፣ ጨውና ማዕበል እየመታው ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲያገለግል ይጠበቃል። ስለዚህ ገዢው አገር ብረቱን ብቻ ገዝቶ አይሄድም፤ የሻጩን ቃልም አብሮ ይገዛል። መለዋወጫው በጊዜው ይመጣል፣ ጥይቱ አይከለከልም፣ ባለሙያው ሲጠራ ይደርሳል የሚል ቃል ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። በዚህ ገበያ ዋናው ሸቀጥ እምነት ነው፤ እምነቱንም የሚያተርፈው አስቀድሞ ለራሱ ሠርቶ የራሱን መርከበኞች ያሰማራበት አገር ነው።

ለማስረጃ የቱርክን ታሪክ መርጫለሁ። ቱርክ ከመቶ ዓመት ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ ሦስቱንም ደረጃ አይታለች። ገዢ ነበረች፣ ተማሪ ሆነች፣ ዛሬ ሻጭ ናት። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1914 እንጀምር። የኦቶማን መንግሥት በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሁለት ታላላቅ ጦር መርከቦች እያሠራ ነበር። «ሱልጣን ዑስማን» የተባለው በኒውካስል በአርምስትሮንግ ኩባንያ፣ «ረሻዲዬ» የተባለው ደግሞ በባሮው በቪከርስ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። የመንግሥቱ ካዝና ስለተራቆተ፣ በ1909 የተመሠረተ የባሕር ኃይል ማኅበር ከሕዝቡ መዋጮ ይሰበስብ ነበር። ተራው ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ ለመርከቡ ከፍሏል። «ሱልጣን ዑስማን» አልቆ፣ የሚረከቡት አምስት መቶ ያህል የኦቶማን መርከበኞች ኒውካስል ደርሰው በተዘጋጁበት ሰዓት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በኦገስት ወር መጀመሪያ፣ በባሕር ኃይል ሚኒስትሩ በዊንስተን ቸርችል ትእዛዝ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች መርከቡን ተቆጣጠሩ። ባንዲራውን ለመስቀል ባሕር አቋርጠው የመጡት መርከበኞች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሁለቱ መርከቦች «ኤጂንኮርት» እና «ኤሪን» ተብለው ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተሰለፉ፤ በ1916ም በጀትላንድ የባሕር ውጊያ ተካፈሉ።

የዚህ መዘዝ በኪሳራ ብቻ አላበቃም። የኢስታንቡል ሕዝብ በቁጣ ነደደ። ጀርመን ክፍተቱን አይታ «ጎበን» እና «ብሬስላው» የተባሉ ሁለት ጦር መርከቦቿን ከነመርከበኞቻቸው ለኦቶማኖች ሰጠች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ እነዚህ መርከቦች በጀርመናዊ አድሚራል እየታዘዙ የሩሲያን ወደቦች ደበደቡ፤ መንግሥቱም ወደ ጦርነቱ ገባ። በጦርነቱ ማብቂያ ያ ጥንታዊ መንግሥት ፈረሰ። ለመፍረሱ ምክንያቱ ሁለት መርከቦች ብቻ ናቸው አልልም። ነገር ግን አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት በምን ያህል ዋጋ እንደሚረጋገጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ትምህርት ከስልሳ ዓመት በኋላ መጣ። በ1974 በቆጵሮስ ጦርነት ጊዜ የቱርክም የግሪክም ባሕር ኃይል ከአሜሪካ የተሰጧቸውን አሮጌ አውዳሚ መርከቦች ይጠቀሙ ነበር። ሁለቱ ጠላቶች የታጠቁት መርከብ አንድ ዓይነት ነበር። ጁላይ 21 ቀን የቱርክ አየር ኃይል አብራሪዎች የግሪክ መርከቦች መጡ ብለው የገዛ አገራቸውን መርከቦች ደበደቡ፤ «ኮጃቴፔ» የተባለው መርከብ ሰጠመ፣ የገዛ ወገኖቻቸው አለቁ። በዚያ ጥፋት ውስጥ የመገናኛና የመረጃ ጉድለት ዋናውን ድርሻ ይይዛል። ሆኖም ከአንድ መጋዘን የወጣ መርከብ በሁለቱም ወገን መኖሩ ለስሕተቱ በር ከፍቷል። በ1975 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት በቱርክ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ እስከ 1978 ጸና። መለዋወጫ ቆመ። መርከቡና አውሮፕላኑ የቱርክ፣ የማንቀሳቀሻው ቁልፍ ግን የሌላ ሰው መሆኑ ያኔ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ተማሪነቱን ያጠናከረው ይህ ቁስል ነው። በዚያው በ1975 አሴልሳን የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ተቋቋመ። በ1985 የመከላከያ ኢንዱስትሪን የሚመራ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በሕግ ተመሠረተ። ከሁሉ በላይ ግን ግዢው ራሱ ትምህርት ቤት እንዲሆን ተደረገ። ቱርክ ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ስትገዛ ከስድስቱ ሦስቱ ጀርመን አገር፣ ሦስቱ በጎልጁክ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ተሠሩ። በ1980ዎቹ «ሜኮ 200» የተባሉትን ፍሪጌቶች ስትገዛም ሁለቱ በጀርመን፣ ሁለቱ በጎልጁክ ነበር የተገነቡት። በያጁ፣ ቧንቧ ገጣሚው፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ንድፍ አንባቢው መሐንዲስ እጃቸውን ያፍታቱት በሰው ንድፍ ላይ፣ ግን በገዛ አገራቸው ወደብ ነው።

አንዱን ትምህርት ቀረብ ብለን እንየው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቱርክ ከአሜሪካ ስምንት ያገለገሉ ፍሪጌቶች ወሰደች። በእያንዳንዱ ጦር መርከብ ውስጥ መስኮት የሌለው፣ ብርሃኑ የደበዘዘ ክፍል አለ፤ የውጊያ ማዕከል ይባላል። ራዳሩ በሰማይ ያየውን፣ ሶናሩ በውኃ ውስጥ የሰማውን፣ ጓደኛ መርከብ በሬዲዮ የላከውን ሁሉ አንድ ሶፍትዌር ሰብስቦ በስክሪን ላይ ያሳያል። ይህ ወዳጅ ነው፣ ይህ ጠላት ነው፣ ይህኛው ቀድሞ ይደርሳል፣ በዚህ መሣሪያ ይመታ የሚለው ውሳኔ እዚያ ይበስላል። የእነዚያ አሮጌ ፍሪጌቶች ሶፍትዌር ግን ለቱርኮች የተዘጋ ሣጥን ነበር፤ እንደፈለጉ ሊቀይሩት፣ የራሳቸውን መሣሪያ ሊያገናኙበት አይችሉም። ስለዚህ የባሕር ኃይሉ መሐንዲሶች ከሃቬልሳን ድርጅት ጋር ሆነው «ጄኔሲስ» የተባለ የራሳቸውን የውጊያ ሥርዓት ጻፉ፤ በስምንቱም አሮጌ መርከቦች ላይ ተከሉት። ከዚያ በኋላ ለሠሩት አዲስ መርከብ አእምሮ የሆነው ይኸው ነው። የመርከቡ ቅርፊት ከላሜራ የሚሠራ ነው፤ ላሜራ ደግሞ በብዙ አገር አለ። ሶፍትዌሩን የያዘ ግን መርከቡን ይዟል።

በ2004 በኢስታንቡል የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ውስጥ «ሚልጌም» የተባለው የብሔራዊ መርከብ ፕሮጀክት ቢሮ ተከፈተ። የመጀመሪያው መርከብ «ሄይቤሊአዳ» በሴፕቴምበር 27 ቀን 2008 ውኃ ላይ ወረደ፤ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 27 ቀን 2011፣ ለባሕር ኃይሉ ተሰጠ። ቀኑ የቱርክ ባሕር ኃይል በዓል ነው። ርዝመቱ 99 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 2,400 ቶን ገደማ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ኮርቬት፣ ማለትም ከፍሪጌት የሚያንስ ጦር መርከብ ነው፤ ዋና ሥራውም ሰርጓጅ መርከብ ማደን ነው። ከኢስታንቡል ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ስም የተሰየሙ ሦስት እኅቶቹ ተከትለውታል፤ የመጨረሻው «ክናልአዳ» በ2019 አገልግሎት ጀመረ። ከአራቱ ኮርቬቶች በኋላ ንድፉ አድጎ ፍሪጌት ሆነ፤ የመጀመሪያው «ኢስታንቡል» በጃንዋሪ 2024 ባንዲራውን ሰቀለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለውጭ አገር የመሸጡ ውል የመጣው ባሕር ኃይሉ በመርከቡ ለዓመታት ከተጓዘ በኋላ ነው። ፓኪስታን በ2018 አራት መርከቦች ስታዝዝ የምታየው የሥዕል ወረቀት አልነበረም፤ በባሕር ላይ የሚሄድ፣ ሠራተኞቹን ጠይቃ ጉድለቱንና ጥንካሬውን ልትሰማበት የምትችል መርከብ ነበር። ከአራቱ ሁለቱ በኢስታንቡል፣ ሁለቱ በካራቺ መርከብ መሥሪያ እንዲገነቡ ተስማሙ። የመጀመሪያው «ባቡር» በሴፕቴምበር 2023 ለፓኪስታን ተሰጠ። ከቱርኩ ኮርቬት በዘጠኝ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ገዢው ለራሱ ባሕር እንዲስማማው አሳድጎታልና። ፓኪስታን ቀጣዩን ፍሪጌቷን አብራ የምትነድፍበትን ዕውቀትም በዚሁ መንገድ ለመቅሰም ተስማምታለች። ቱርክ በጎልጁክ የተማረችውን አሁን በካራቺ ታስተምራለች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ሰፋ። ዩክሬን በ2020 ከዚሁ ምድብ ኮርቬቶች አዘዘች። ማሌዥያ በ2024 ሦስት መርከቦች አዘዘች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖርቱጋል፣ የአውሮፓ ኅብረትና የኔቶ አባል የሆነችው፣ ሁለት የስንቅና የነዳጅ አቅራቢ መርከቦች ከቱርክ ለመግዛት ፈረመች። ኢንዶኔዥያ በ2025 ሁለት ፍሪጌቶች አዘዘች።

አንድ አገር ይህን ያህል ደክሞ የሠራውን መሣሪያ ለምን ለሌላ ይሰጣል? መልሱ በመርከብ መሥሪያው ግቢ ውስጥ ነው። የአንድ አገር ባሕር ኃይል አራት ኮርቬት ከተረከበ በኋላ ለዓመታት ሌላ ላያዝዝ ይችላል። በዚያ ክፍተት የተካነው በያጅ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ወጣቱ መሐንዲስ ወደ ውጭ ይሰደዳል፣ ዓመታት የፈጀ ክህሎት ይበተናል። የተበተነ ክህሎት መልሶ ለመሰብሰብ ሌላ ትውልድ ይፈልጋል። የውጭ ትእዛዝ ይህን ክፍተት ይሞላል። ንድፍ ለማውጣትና ለመፈተሽ የወጣው ገንዘብም በብዙ መርከቦች ላይ ይከፋፈላል። ከዚህ ሌላ ወዳጅነት አለ፤ መርከበኞቹን በአንተ አገር ያሠለጠነ፣ መለዋወጫ ከአንተ የሚጠብቅ አገር ለረጅም ዘመን ከአንተ ጋር ይመክራል።

ሻጩ አስቀድሞ ለራሱ ይሠራል ላልኩት ሕግ ተቃራኒ የሚመስል ታሪክ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ትክክል አይሆንም። የጀርመን «ሜኮ» ፍሪጌቶች ናይጄሪያን፣ አርጀንቲናን፣ ቱርክን፣ ፖርቱጋልን፣ ግሪክን፣ አውስትራሊያን፣ ደቡብ አፍሪካን አዳርሰዋል። የጀርመን ባሕር ኃይል ራሱ ግን ለውጭ ገበያ የተነደፉትን «ሜኮ 360» እና «ሜኮ 200» አልገዛም። ጀርመን ይህን የቻለችው የመርከብ መሥሪያዎቿ ስም አስቀድሞ በዓለም የታወቀ ስለነበር ነው፤ አዲስ ገቢ አገር ያን መንገድ መከተል ይቸግረዋል። ከዚሁ ታሪክ የአፍሪካ ትምህርትም እናገኛለን። ናይጄሪያ በ1982 ያስገባችው «አራዱ» በጊዜው የአህጉሩ ኩራት ነበር። በጥገና እጦት ግን ለረጅም ዓመታት ወደብ ላይ ታስሮ ቆመ። መርከቡን የመግዛት ገንዘብ ነበረ፤ መርከቡን የማኖር ሥርዓት ግን አብሮ አልተገዛም።

አሁን ወደ አደጋዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው የሰው እጅ ያለበት ዕቃ ነው። የቱርክ ኮርቬት በቱርክ የተነደፈ ቢሆንም ጋዝ ተርባይኑ የአሜሪካ፣ ናፍጣ ሞተሩ የጀርመን፣ 76 ሚሊ ሜትር መድፉ የጣሊያን ነው። እያንዳንዱ የውጭ ዕቃ ከኋላው የሌላ መንግሥት ፈቃድ ያስከትላል። ይህ ምን እንደሚያደርግ ቱርክ በሄሊኮፕተር አይታዋለች። በ2018 ለፓኪስታን 30 ተዋጊ ሄሊኮፕተሮች በአንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ለመሸጥ ተዋውላ፣ በሞተሩ ላይ ሥልጣን ያላት አሜሪካ የሽያጭ ፈቃድ ባለመስጠቷ ውሉ ከሸፈ። ለዚህ ነው የቱርክ መርከብ ሠሪዎች የውጭውን ዕቃ አንድ በአንድ በራሳቸው መተካት የያዙት። «አትማጃ» የተባለው ፀረ መርከብ ሚሳኤል በ2019 ከ«ክናልአዳ» ላይ ተተኮሰ። የመጀመሪያዎቹ አትማጃዎች ሞተራቸው ፈረንሳይ ሠራሽ ነበር፤ በኋላ እርሱም በአገር ውስጥ ሞተር እንዲተካ ተሠራ። ነፃነት በዚህ ሙያ በአንድ ቀን አይታወጅም፤ በአንድ ዕቃ፣ ከዚያም በሌላ ዕቃ እየተገነባ ይሄዳል።

ሁለተኛው አደጋ የገዢው ምኞት ነው። አሜሪካ በ2020 የጣሊያንና የፈረንሳይን ፍሪጌት መሠረት አድርጋ የራሷን ለመሥራት ስትነሣ ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ የተፈተነ ንድፍ ወስዶ ጊዜ መቆጠብ። አዲሱ መርከብ 85 ከመቶ ያህል ከመነሻው ጋር አንድ እንዲሆን ታቀደ። ግን ይህ ይጨመር፣ ያ ይለወጥ ሲባል ተመሳሳይነቱ ከ15 ከመቶ በታች ወረደ። መርከቡ ከበደ፣ ዓመታት ዘገየ፤ በ2025 መጨረሻም ባሕር ኃይሉ ግንባታቸው ከተጀመረው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በስተቀር የቀሩትን ሰረዘ። ኖርዌይ በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ቢያንስ አምስት ፍሪጌቶች ለመግዛት ስትወስን የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው፤ መርከቦቹ እንግሊዝ ለራሷ ከምትሠራቸው ጋር በተቻለ መጠን አንድ እንዲሆኑ ነው የጠየቀችው። መለዋወጫውም ሥልጠናውም የጋራ ይሆናል።

ሦስተኛው ጊዜና ፖለቲካ ነው። ለዩክሬን የተሠራው የመጀመሪያ ኮርቬት «ሄትማን ኢቫን ማዜፓ» በኦክቶበር 2022 በኢስታንቡል ውኃ ላይ ወረደ። ባለቤቱ አገር ጦርነት ላይ ነበረች፣ ናትም። ቱርክ ግን በ1936ቱ የሞንትሮ ስምምነት መሠረት የባሕር መተላለፊያዋን ለተፋላሚዎቹ ጦር መርከቦች ዘግታለች። ባለቤቱ በእጅጉ በሚፈልገው ሰዓት መርከቡ ወደ ቤቱ መንገድ የለውም። ፈረንሳይም ለሩሲያ የሠራቻቸውን ሁለት «ሚስትራል» መርከቦች ክሪሚያ ከተወሰደች በኋላ አላስረከበችም፤ በ2015 ውሉ ፈርሶ ገንዘቡ ተመለሰ፣ መርከቦቹን ግብፅ ገዛቻቸው። ዛሬ የግብፅ ባንዲራ ያውለበልባሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ የሕሊና ጥያቄ አለ። ጦር መርከብ ለዓሣ ማጥመጃ አይሸጥም። ነገ በማን ላይ እንደሚተኩስ ሻጩ ከዛሬ ሊጠይቅ ይገባዋል። ጀርመን በ2018 ለሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ የጥበቃ መርከቦችን ሽያጭ ስታግድ፣ በቮልጋስት ከተማ ያሉት የመርከብ ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸው ተቀነሰ። ሕሊናም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ውሉን ያልፈረመው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ይህ ውሳኔ ከውሉ በፊት፣ በአደባባይና በሕግ መደረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ውል ከታሰረ በኋላ የሚመጣ ሕሊና ሻጩንም ገዢውንም ይጎዳል።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። በ1950ዎቹ በምጽዋ የተደራጀው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ሁሉ ከውጭ ነበር የሚያገኘው። ዋና መርከቡ «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ የመጣች፣ አስቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል የነበረች መርከብ ናት። በ1977 ከአሜሪካ ጋር የነበረው የጦር ትብብር ሲቋረጥና ሶቪየት ኅብረት ስትተካ ባሕር ኃይሉም የሶቪየት ፍሪጌቶችና የሚሳኤል ጀልባዎች ተረከበ። መርከበኞቻችን ብርቱዎች ነበሩ፤ ግን የመርከቦቻቸው ዕድሜ በሩቅ ዋና ከተሞች በሚወሰን ፖለቲካ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በኋላ ፈርሶ የነበረውን ባሕር ኃይል ከ2018 ወዲህ መልሶ የማቋቋም ሥራ ተጀምሯል፤ በ2019ም ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈርሟል። ነገ መርከብ የሚገዛበት ቀን ከመጣ፣ ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ዛሬ መታወቅ አለባቸው። የሻጩ ባሕር ኃይል በዚህ መርከብ ራሱ ይጓዛልን? ከውስጡ የትኛው ዕቃ የማንን ፈቃድ ይጠይቃል? ሶፍትዌሩን መቀየር እንችላለን? ለሠላሳ ዓመት የሚሆነው መለዋወጫና ሥልጠና ከዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የእኛ ወጣቶች ንድፉ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ስንት ወንበር ያገኛሉ?

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጣል። ከ1914ቱ የኒውካስል ወደብ እስከ ካራቺ ያለውን መንገድ ቱርክ ያቋረጠችው በእያንዳንዱ ግዢ ውስጥ የሚማር ሰው በማስቀመጧ ነው። ስለዚህ ወላጆችን፣ መምህራንንና ኃላፊዎችን አደራ የምለው ይህንን ነው፦ መርከብም ይሁን አውሮፕላን፣ የባቡር መስመርም ይሁን የሕክምና መሣሪያ፣ ከውጭ የምንገዛው ትልቅ ዕቃ ሁሉ ወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ሳይማሩበት ወደ አገር እንዳይገባ። ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ከተጻፈም በኋላ መፈጸሙን እንከታተል።